ሰባቱ አንዶች

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሥራ ቦታ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ፍሬቻ» ነው የሚሉት። ቀልድ ሊጀምር ሲል ወይም አንድ ነገር አጋኖ ሊያወራ ሲል ቀኝ ዓይኑን ጥቅስ ጥቅስ ያደርጋል፤ ልክ ሊታጠፍ እንደ ፈለገ መኪና። ቅጽል ስሙን ይወደው ነበር። «እኔ ሳላሳይ አልታጠፍም» ይላል እየጠቀሰ።

ሃያ ዓመት ገደማ የነዳው አንድ መስመር ነው። ከጋራዡ ይወጣል፣ በገበያው በኩል ይዞራል፣ በሆስፒታሉ ፊት ያልፋል፣ ወንዙ ዳር ካለው የመጨረሻ ፌርማታ ደርሶ ይመለሳል። መሰልቸትን ያሸነፈው ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው። ስድስት ቤት ያለው የድሮ ቆጣሪ ነበር፤ ነጫጭ ቁጥሮች የተጻፉባቸው ትንንሽ ጎማዎች እየተሽከረከሩ ይቆጥራሉ። አባቴ ከፊትም ከኋላም ሲነበብ ያው የሆነ ቁጥር ሲመጣለት ደስ ይለዋል፤ ትኬት ቆራጩን ጠርቶ ያሳየዋል። ትኬት ቆራጩ አጭር፣ ድምፁ ግን ጆሮ የሚበጥስ ሰውዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚጮኸው ቃል የተነሳ «ሙሉ ነው» የሚል ስም ወጥቶለት ቀርቷል።

አንድ ጠዋት ቆጣሪው ላይ ስድስት አንድ ተደረደረ፤ 111,111። አባቴ ፌርማታ ላይ አቆመና ወደ ኋላ ዞሮ «ኑ፣ እዩ! ሌላ ጊዜ አታገኙትም» አለ። አንዲት ሴትዮ «እኔ ሥራ ረፍዶብኛል፣ አንተ ቁጥር ታስጎበኛለህ!» ብላ ተቆጣች። ሁለት ሦስት ሰው ግን አንገቱን አስግጎ አየ። እራት ላይ ለኛ ሲያወራ እጁ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታችን ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ክር ከቀሚሷ ላይ እየለቀመች ሰምታው ስታበቃ «አሁን አልፏል አይደል?» አለችው።

«አልፏል።»

«በል እንግዲህ ብላ።»

ዓይኑን የታመመው ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ጥቀርሻ የመሰሉ ነጠብጣቦች ከዓይኑ ፊት መዋኘት ጀመሩ። የአውቶቡሱን የፊት መስታወት ወለወለ፤ ነጠብጣቡ ዓይኑ በዞረበት አብሮት ዞረ። ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ በቀኝ ዓይኑ ጥግ ጥቁር ነገር እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ይወርድበት ጀመር። ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ዳር ያዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ።

«ሙሉ ነው፣ ሰዎቹን አውርድ» አለ።

«ምነው፣ ጎማ ነው?»

«ዓይኔ ነው።»

ሙሉ ነው በኋላ ሲነግረን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም። «ፍሬቻ እኮ ፍሬቻውን አብርቶ ነው የቆመው» አለ።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ከዓይኑ ጀርባ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ከቦታው ተላቋል አለች። ቀዶ ጥገናው በማግሥቱ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ያለውን ትእዛዝ ስትነግረን እናቴና እኔ ተያየን። «ዓይንዎ ውስጥ አየር ሞልተናል። አየሩ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ሽፋኑን ተጭኖ እንዲይዘው በግንባርዎ ተደፍተው ነው የሚተኙት። ሲበሉም አንገትዎን ደፍተው። ማንበብ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ዓይን ማንከራተት የለም።»

«እስከ መቼ?» አላት አባቴ።

«እኔ በቃ እስክል ድረስ።»

«ይድናል?»

«አሁን ምንም ማለት አልችልም» አለች። ያቺ መልስ ከቀዶ ጥገናው ይልቅ አመመችው።

እናቴ ቤት እንደገባን በጥጥ የተሞላ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ሰፋችለት። አባቴ ፊቱን እዚያ ክፍተት ውስጥ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ይደፋል፤ ቀኙ በፋሻ ታስሯል፤ በግራ ዓይኑ የሚያየው የወለሉን ሲሚንቶና የሰው ጫማ ብቻ ነው። ጠያቂዎችን በጫማቸው ያውቃቸው ጀመር። የሥራ ጓደኞቹ መጥተው «ፍሬቻ ተቃጠለ እንዴ? አምፖሉን እንቀይርልህ?» ሲሉት መጀመሪያ ሰሞን ሳቀ። እየቆየ ሲሄድ ጫማቸውን ሲያይ እንደተኛ ያስመስል ነበር።

ጠባዩ ተበላሸ። ያ ሁሉ ዓመት ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ሰው፣ እናቴ ቀን ቀን እንዴት እንደምትውል አያውቅም ነበር። አሁን የስፌት መኪናዋ ከጆሮው ሥር ነው። «ይህ ነገር ዝም አይልም?» ይላል። «ዝም ካለ ምን እንበላለን?» ትላለች። ሾርባ ብታመጣለት «ይሞቃል»፤ ብታቀዘቅዝለት «ቀዘቀዘ» ይላል። አንድ ቀን ሳህኑን ገፍቶ አፈሰሰው። እናቴ ጎንበስ ብላ ወለሉን ጠረገች። አባቴ የሚያየው ወለሉን ስለሆነ እጇ ሲጠርግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው። ከዚያ በኋላ ሳህን አልገፋም፤ ግን ጭጭ አለ፤ ዝምታው ደግሞ ባሰ።

እኔ ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፤ ከሌሊት ጀምሬ ቀትር ላይ እጨርሳለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ወለሉ ላይ፣ ከፊቱ ሥር፣ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ምን እያሰብክ ነው?»

«ስለ ቁጥር» አለ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር። «ስለ የትኛው ቁጥር?»

«ስድስቱ አንዶች ትዝ ይሉሻል? መኪናዬ ላይ የመጡት?» አለና ያወራልኝ ጀመር። «ማንበብ የለም፣ ማየት የለም ተባልኩ። ጭንቅላት ግን አልተከለከለም። ለሦስት ሳካፍለው እኩል ይካፈላል። ለሰባትም ይካፈላል። ለአስራ አንድም፣ ለአስራ ሦስትም፣ ለሠላሳ ሰባትም። እንደ ትኩስ ዳቦ በፈለግሽው በኩል ይቆረሳል። የዋህ ቁጥር ነው።»

«እሺ?»

«እሺ፣ መኪናዬ ሰባተኛ ቤት ቢኖራት ብዬ አሰብኩ። ሰባት አንድ። አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አስራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ አንድ። ያው ዘመዱ ነው፣ ይሄም ይቆረሳል ብዬ ነበር። ለሦስት ባካፍለው አንድ ተረፈ። ለሰባትም አንድ። ለአስራ አንድ፣ ለአስራ ሦስት፣ ለሠላሳ ሰባት፣ አሁንም አንድ! ያንን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ሁሉ፣ ከዚህኛው አንድ እየተረፋቸው ተመለሱ።»

ትንሽ አሰብኩና ገባኝ። «ስድስቱን አንድ በአስር አባዝተህ አንድ ብትጨምርበት እኮ ነው ሰባት የሚሆነው። በአስር ብታባዛውም መካፈሉ አይቀርም፤ ያቺ የጨመርካት አንዷ ናት የምትተርፈው።»

ጀርባው ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ አየሁ። ለካ እየሳቀ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሥራ አገኘ። ሰባቱን አንዶች የሚሰብር ቁጥር መፈለግ። ቁጥሩ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ የተሠራ ይመስላል፤ ለማስታወስ የሚያስቸግር ነገር የለውም። በቃል ሲያካፍል የቀረውን ብቻ ይዞ፣ ከላይ ሁልጊዜ አንድ ያወርዳል። «መቶ አስራ አንድ ለአስራ ሰባት፣ ስድስት ጊዜ፣ ቀሪ ዘጠኝ። አንድ ይወርዳል። ዘጠና አንድ፤ አምስት ጊዜ፣ ቀሪ ስድስት። አንድ ይወርዳል...» መጨረሻው ላይ ስምንት ተረፈ። ለአስራ ዘጠኝ አስር ተረፈ። ለሃያ ሦስት አራት። ሦስት ካልሰበረው ስድስትና ዘጠኝም ስለማይሰብሩት፣ እንዲህ ያሉትን ይዘላቸዋል። ሰው ሲገባ ወይም የእናቴ የስፌት መኪና ስትንኳኳ ቀሪው ከጭንቅላቱ ይጠፋና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። አንዳንድ ቀን ከሁለት ሦስት ቁጥር አያልፍም።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሹክሹክታ ያዘችኝ። «ሰምተሽዋል? ቀኑን ሙሉ ‹አንድ ይወርዳል፣ አንድ ይወርዳል› ይላል። ምስኪን፣ አሁንም አውቶቡሱ ላይ ነው መሰለኝ። ወራጅ እያወረደ ነው!»

ምን እንደሚያደርግ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወዲህ ሲቆጥር ከሰማች መርፌውን ታቆማለች። ሲጨርስ ከመኪናዋ ጀርባ «ስንት ተረፈ?» ብላ ትጠይቃለች። «አምስት» ይላል። «ኤዲያ!» ትልና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

አንድ ቀን «እስከ ስንት ነው የምትሞክረው?» አልኩት።

«እስከ መጨረሻው።»

«እስከ ሚሊዮን?»

«ሌላ ሥራ አለኝ እንዴ?»

ያን ያህል እንደማያስፈልገው አስረዳሁት። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው ሰባቱን አንዶች የሚሰጡ ከሆነ ሁለቱም ትልልቅ ሊሆኑ አይችሉም። 1,054 በራሱ ሲባዛ ትንሽ ይጎድላል፤ 1,055 በራሱ ሲባዛ ያልፋል። ስለዚህ እስከ 1,054 ድረስ ምንም ካልሰበረው የሚሰብረው የለም።

«ገባኝ» አለ። «ሁለት ወፍራም ሰው አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። አንዱ የግድ ቀጭን መሆን አለበት።»

«እንደዚያ በለው። ምንም የማይሰብረውን ደግሞ ትምህርት ቤት ‹ብቸኛ ቁጥር› ይሉታል።»

«ብቸኛ» ብሎ ቃሉን ደገመው። «ስልክሽ ላይ አይተሽ እንዳትነግሪኝ። ነግሬሻለሁ» አለኝ። አላየሁም። ማየት ግን አምሮኝ ነበር።

ሳምንታት አለፉ። ከመቶ አለፈ፣ ከሁለት መቶ አለፈ፣ ሰባቱ አንዶች አልተነኩም። አባቴ በቁጥሩ ይኮራበት ጀመር፤ ለሙሉ ነው እንኳ «እስካሁን ማንም ቀዳዳ አላገኘለትም» ብሎ ሲያወራለት ሰማሁ። ኩራቱ ትንሽ ከመጠን ያለፈ መሰለኝ፤ ምክንያቱን ግን አልጠረጠርኩም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይዤ ስገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እናቴ ከመኪናዋ ተነስታ አልጋው አጠገብ ቆማለች።

«ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ። ድንገት ‹አለቀ› አለና ዝም።»

አባቴ ፊቱ ትራሱ ውስጥ እንዳለ መናገር ጀመረ። ድምፁ የሕዝብ ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስል ነበር። «ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። አራት ጊዜ፣ ቀሪ መቶ ሃምሳ አምስት። አንድ ይወርዳል። ስድስት ጊዜ፣ ቀሪ መቶ አስራ ሰባት። አንድ ይወርዳል። አራት ጊዜ፣ ቀሪ ሁለት መቶ አስራ አምስት። የመጨረሻዋ አንድ ትወርዳለች። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ። ምንም አልተረፈም። ተሰበረ።»

«እሰይ! ይኸው አገኘኸው» አልኩ። «239 በ4,649!»

አባቴ ትራሱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። እናቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያም ፊቱን ማየት ስለፈለገች በጀርባዋ ተንጋላ ከትራሱ ሥር ገባች። ሁለቱ እንደዚያ ፊት ለፊት ሲተያዩ አይቼ አላውቅም።

«ምንድነው? ንገረኝ» አለችው።

«ከራሴ ጋር ተወራርጄ ነበር። ይህ ቁጥር ካልተሰበረ ዓይኔ ይድናል ብዬ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች እናቴ። «ዓይንህን በሂሳብ አስያዝከው? እኔ ያንን ትራስ የሰፋሁት፣ አንገትህን ደፍተህ ይህን ሁሉ ቀን የተሰቃየኸው ለሐኪሟ ነው ወይስ ለሁለት መቶ ምናምን?»

«ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ።»

«ማወቅህ ጥሩ ነው።» ከሥሩ ወጥታ ቀሚሷን አራገፈች። «አሁን ያኛውን ንገረኝ። ሁለተኛውን። አንቺ፣ 4,649 ነው ያልሽው? እሱስ ይሰበራል?»

«አላየሁትም» አለ አባቴ።

«እንየዋ!»

እናቴ ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ማካፈል ግን ትወድ እንደነበር ከዚያ ቀን በፊት ነግራን አታውቅም። ለዩኒፎርም ሱሪ የተቆረጠ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ልብስ የምታሰምርበትን ጠመኔ አነሳች፣ 4,649ን በትልቁ ጻፈች። በዚያው በሁለቱ ወፍራም ሰዎች ስሌት፣ እስከ ስልሳ ሰባት ብትሞክር እንደሚበቃት ነገርኳት። ለሦስት ጀመረች። ለሰባት አንድ ተረፈ። ወደ አስራ አንድ ስትደርስ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው! አስራ አንድ 4,649ን ቢያካፍል ኖሮ ሰባቱን አንዶችም ያካፍል ነበር፤ ከ239 በታች ያሉትን ደግሞ አባቴ አንድ በአንድ ሞክሯቸው አልፏል። ልናገር አፌን ስከፍት ቁርጭምጭሚቴን የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ። ከአልጋው ጫፍ የተንጠለጠለው የአባቴ እጅ ነው። ዝም አልኩ።

እናቴ ስልሳ ሰባት ደረሰች። ጨርቁ በነጭ ቁጥር ተሸፍኗል፣ አፍንጫዋ ላይ ሳይቀር ጠመኔ አለ። «ሃያ ስድስት ተረፈ» አለች። «አይሰበርም። ሁለቱም አይሰበሩም ማለት ነው!» እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ስንት ጊዜዬ።

ሻይ ልታፈላ ጓዳ ስትገባ ወደ አባቴ ጎንበስ አልኩ። «ታውቅ ነበር።»

«ገና ከመጀመሯ በፊት» አለ። «ብነግራት ወደ መኪናዋ ትመለስ ነበር።»

ሐኪሟ በቃ ያለች ዕለት ሦስታችንም ሄድን። ፋሻው ተፈታ። ሽፋኑ ቦታውን ይዟል አለች፤ እናቴ እጄን ጨመቀችው። አባቴ በቀኝ ዓይኑ የሐኪሟን ጣቶች ቆጠረ። የበሩን ጠርዝ ግን ቀጥ ያለ ሳይሆን የተንጋደደ አድርጎ ነው ያየው።

«ከዚህ ትንሽ ይሻሻላል፣ እንደ ድሮው ግን አይሆንም» አለችው ሐኪሟ። «አውቶቡስ አይነዱም።»

«የቤት መኪናስ?»

«የቤት መኪና አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እሱን ሲገዙ እንነጋገራለን።»

አባቴ ሳቀ። ኮሪደር ላይ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን ሳቁ አልነበረም። መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ፎቶውን አየው፤ ጺም ገና ያላበቀለ ልጅ ነው። መልሶ ከተተው። እናቴ ሌሎች ሕመምተኞች እስኪያልፉ ድረስ አብራው ተቀመጠች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሙሉ ነው መጥቶ ስምሪት ክፍል ሰው ይፈልጋሉ አለው። አውቶቡሶቹን በየመስመሩ የሚያሰማራ፣ በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ሰው። «ሌላው ሲነዳ ቆሜ ላይ?» ብሎ አባረረው። ሙሉ ነው በሌላ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አባረረው። በመጨረሻ የሄደው እናቴ «ወይ ሥራ ግባ፣ ወይ ቁልፍ መትከል ላስተምርህ» ስትለው ነው። መጀመሪያ ሰሞን አውቶቡስ ከጋራዡ በወጣ ቁጥር ላለማየት ጀርባውን ያዞር ነበር፤ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። እየቆየ ለመደው። አዳዲስ ሾፌሮች ማርሽ ሲያንገጫግጩ ከሰማ በድምፅ ማጉያው «ቀስ! የማርሽ ሳጥኑ የአባትህ አይደለም!» ይላል፤ መንገደኛውም ይስቃል።

ባለፈው እሁድ እናቴ የእሱን መስመር እስከ መጨረሻው ማየት አማረኝ አለችው። ያ ሁሉ ዓመት አብራው ተሳፍራ አታውቅም። መሐል ላይ ወንበር አገኙ፣ እሷ መስኮቱን ያዘች፣ እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሊቆም ሲል የአባቴ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል። እናቴ «ፍሬኑ እዚያ የለም» አለችው ጉልበቱን እየነካች። እሱም እግሩን ሰበሰበ፤ በሚቀጥለው ፌርማታ ግን ያው ረገጠ።

ወንዙ ዳር ወረድን። እናቴ ውሃውን፣ ማዶ ያሉትን ዛፎች፣ ድንጋይ ላይ የተሰጣውን ልብስ አየች።

«በየቀኑ እዚህ ትመጣ ነበር?»

«በየቀኑ።»

«እንዲህ እንደሚያምር ነግረኸን አታውቅም።»

«ወርጄ አላውቅማ» አለ አባቴ። «እዞራለሁ፣ እሄዳለሁ።»

አውቶቡሱ ከኋላችን እያጓራ ዞረ። አባቴ አንገቱን አዙሮ እስኪጠፋ ድረስ አየው። እናቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ክንዱን ያዘችና በድንጋዮቹ መሐል እያሳለፈች ወደ ውሃው ይዛው ወረደች።